ገላን የሚያለብስ ጥቁር፦ የቻርቦኔል የኅትመት ቀለም በዴጋ «እሳት ዳር» ሲመዘን

ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለውን የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኤድጋር ዴጋን «እሳት ዳር» ራቅ ብለው ሲያዩት ጥላሸት የተቀባ ወረቀት ይመስላል። ጠጋ ሲሉ በስተግራ ምድጃ ይነዳል። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተንጋላ እግሯን ወደ እሳቱ ዘርግታለች፤ ሌላዋ ከእሳቱ ራቅ ብላ ጎንበስ ብላለች። ሁለቱም ልብስ አልለበሱም። ዓይን የሚይዘው ግን እርቃናቸው ሳይሆን ጥቁሩ ነው። ብርሃኑ የነካው የገላቸው ዳር ዳር ብቻ ይታያል፤ የቀረው ቀለሙን ለብሷል። ሴቶቹ ማንም እንደማያያቸው ሆነው የተቀመጡት ጨለማው ስለሸፈናቸው ነው።

ፈረንሳዮች «ለ ፏዬ» የሚሉት ይህ ሥራ ሞኖታይፕ ነው። ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ቀለም ይቀባል፣ ሥዕሉ ከቀለሙ ውስጥ እየተጠረገ ይወጣል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት ተጭኖበት በማተሚያ ውስጥ ያልፋል። ሰሌዳው ላይ የተቆፈረ መስመር ስለሌለ ቀለሙ አንዴ ወደ ወረቀቱ ከተሻገረ በሰሌዳው ላይ የሚቀረው ስስ ጥላ ብቻ ነው። የ«እሳት ዳር» ሰሌዳ 42.5 በ58.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለሞኖታይፕ ትልቅ የሚባል ልክ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ የሚሠራው ቀለሙ ነው፦ የተጠረገው ይገልጣል፣ ያልተጠረገው ይሸሽጋል። ቀለሙ በቂ ካልጠቆረ ሴቶቹ አደባባይ እንደወጡ ሆነው ይቀራሉ፤ ቶሎ ከደረቀ ደግሞ ከጨለማው ውስጥ ጭራሽ አይወጡም።

ስለዚህ በዚህ መንገድ መሥራት የሚፈልግ ሠዓሊ ቀለም ሲገዛ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሲተዉት ፍጹም የሚሸፍን፣ ሲነኩት በጣት የሚነሳ። ከሚሸጡት ውስጥ ሁለቱንም አብረው ከሚሰጡት አንዱ የቻርቦኔል የዘይት ኅትመት ጥቁር ነው። ከተማሪ ቀለም ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ልዩነቱ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱ፣ አጠቃቀሙና የሚበላሽበት መንገድ ነው።

ቻርቦኔል እ.ኤ.አ. በ1862 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተ የቀለም ቤት ነው፤ ስሙ ከኖትርዳም ካቴድራል ማዶ፣ በሴን ወንዝ ዳር ካለው ከኬ ደ ሞንቴቤሎ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ዴጋ ሞኖታይፕ ማተም በጀመረበት በ1876 አካባቢ ቤቱ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ዴጋ ዘዴውን የቀሰመው ከወዳጁ ከሉዶቪክ ሌፒክ ነው፤ የመጀመሪያው ነው የሚባለውና በዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ያለው «የባሌት መምህሩ» የሁለቱንም ፊርማ ይዟል። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ማርሴለን ዴቡታን በጻፈው ደብዳቤ ዴጋ ሰው መሆኑ ቀርቶ በማተሚያ ቀለም የጠቆረ የዚንክ ወይም የመዳብ ሰሌዳ ሆኗል ሲል ስለ ወዳጁ ተናግሯል። ለቀለሙ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ዴጋ ራሱ ለሥራዎቹ የሰጠው ስም ነው። በ1877 በተደረገው ሦስተኛው የኢምፕሬሽኒስቶች (ዴጋ የነበረበት የሠዓሊዎች ቡድን) ትርኢት ላይ ሥራዎቹን ሲያስመዘግብ «ሞኖታይፕ» አላላቸውም፤ በዘይታማ ቀለም የተሠሩና የታተሙ ሥዕሎች ብሏቸዋል። ቀለሙን ከስሙ ውስጥ አስገባው። ከሦስት መቶ በላይ ሞኖታይፕ የተወ ሰው ነውና ቃሉን በከንቱ አልመረጠውም።

ለምን ዘይት?

የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም መነሻው ጥላሸት ነው። የፈረንሳዩም እንዲሁ፣ ከተቃጠለ አጥንት፣ ከወይን ሐረግ ወይም ከጥላሸት የሚገኝ ከሰል ነው። የሚለያዩት ከሰሉ በገባበት ፈሳሽ ነው። የብራናው በውኃ ስለሚበጠበጥ ከብዕር እንደወረደ ይደርቃል፤ ለጽሕፈት የሚፈለገውም ይኸው ነው። የኅትመቱ በተቀቀለ የተልባ ዘይት ይለወሳል፤ ዘይቱ የሚደርቀው ውኃው ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ እየጠጠረ ነው። በዚህ ምክንያት ሰሌዳ ላይ ለሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል፤ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ተሸፍኖ ካደረ በማግሥቱም ይጠረጋል።

ለትምህርት ቤት የሚሸጡት የውኃ መሠረት ያላቸው የእንጨት ኅትመት ቀለሞች በስስ ሲቀቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃሉ። በእነሱ ጨለማ መደብ (ሰሌዳውን በሙሉ አጥቁሮ ብርሃኑን እየጠረጉ ማውጣት) መሥራት ማለት ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ነው። የፊቱን ክፍል ሲጠርጉ የኋላው ይደርቃል፤ ሲታተም ደግሞ የደረቀው ክፍል ወደ ወረቀቱ አይሻገርም፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ በነጭ ነጠብጣብ ተበሳስቶ ይወጣል። «እሳት ዳር»ን የሚያክል ሰሌዳ በዚህ ዓይነት ቀለም መሞከር አያዋጣም።

ቱቦው ውስጥ ያለው

ቀለሙ በ60 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይሸጣል፤ በ200 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በሚበልጥ ቆርቆሮም ይገኛል። ለጀማሪ ቱቦው ይሻላል፣ ምክንያቱም አየር አያስገባም። ቆርቆሮ በተከፈተ ቁጥር ላዩ ይረጋና እንደ ወተት ስልባቦት ቆዳ ያወጣል። ቆዳው ተሰባብሮ ከቀለሙ ጋር ከተቀላቀለ ፍርፋሪው ቀለም በሚቀባው ሮለር ላይ ይጣበቃል፤ በሰሌዳው ላይ በዞረ ቁጥር እኩል እየተራራቀ የሚደጋገም ነጥብ ይተዋል። ቆርቆሮ የገዛ ሰው ቀለሙን ጉድጓድ እየቆፈረ አያውጣ፤ በቀለም ቢላ ከላይ ገፍፎ ይውሰድ፣ ላዩን አስተካክሎ በሰም የተነከረ ወረቀት በቆርቆሮው አፍ ልክ ቆርጦ ያልብሰው።

ሱቅ ገብተው «ጥቁር» ካሉ ሻጩ የትኛውን ይላል። ቤቱ ብዙ ጥቁሮች አሉት፤ 55981፣ 55985፣ ኤፍ 66፣ አር-ኤስ-አር፣ ሉክስ ሲ እየተባሉ በቁጥርና በፊደል ይለያሉ። ልዩነታቸው በሁለት ነገር ነው፦ በጥንካሬያቸውና ሲሳሱ በሚያሳዩት ጥላ። ወፍራም ሆኖ ሁሉም ጥቁር ነው። በጣት ተጎትቶ ሲሳሳ ግን አንዱ ወደ ቡና፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። የእርቃን ሥዕል ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የገላው ግራጫ የሚወጣው ከዚህ ስስ ክፍል ነውና። ቡናማው የእሳት ሙቀት ይሰጣል፣ ሰማያዊው ገላውን የጨረቃ ብርሃን የነካው ያስመስለዋል።

ከመግዛት በፊት ናሙና የሚያሳይ ሱቅ ከሆነ የምስር ፍሬ የምታህል ቀለም መስታወት ላይ አድርገው በአውራ ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ጎትተው ነጭ ወረቀት ከሥር ቢያስገቡ ጥላው ወዲያው ይታያል። ለጥንካሬው ደግሞ የቀለም ቢላውን ጫፍ ነክረው ቀጥ አድርገው ያንሱት። ቀለሙ እንደ ሞቀ ማር ረጅም ክር እያወጣ ከወረደ ለጨለማ መደብ ይረጥባል። አጭር ክር አውጥቶ ብጥስ ካለና ጫፉ ቀና ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው። ከቢላው ጋር ተጣብቆ የማይወርድ ከሆነ ግን ዘይት ይፈልጋል።

ሰሌዳውና ልኩ

1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ወይም ዚንክ ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕሌክሲግላስም (እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ) ይሠራል፤ ጥቅሙ ንድፉን ከሥሩ አስቀምጦ በላዩ መከተል መቻሉ ነው። የትኛውም ቢሆን አራቱ ጠርዞች በሞረድ 45 ዲግሪ ተዳፋት ሆነው በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ አለባቸው፤ ያልተሞረደ ጠርዝ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ በማተሚያው ውስጥ የሚነጠፈውን የሱፍ ጨርቅ (ፌልት) ይቆርጣል። ከዚያ ሰሌዳውን በደቃቅ ጠመኔና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ማሸት ነው። ውኃ ሲፈስበት እንደ ጠብታ ከተሰበሰበ ቅባት አለበት፤ አንድ ላይ እንደ መጋረጃ ከወረደ ጸድቷል። ከዚህ በኋላ የሰሌዳውን ፊት በባዶ ጣት አይንኩ፤ የጣት ቅባት ይቀርበታል።

ለ20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ቀለም በሚታሽበት መስታወት ላይ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ያውጡ። ከዚህ ሰሌዳው ላይ የሚያርፈው 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው፤ የቀረው በመስታወቱና በሮለሩ ላይ ይቆያል፣ ለሚቀጥለውም ያገለግላል። «እሳት ዳር» የሚያክል ሰሌዳ በስፋት ከዚህ አራት እጥፍ በላይ ስለሆነ ሰሌዳው ብቻ ከ4 ሚሊ ሊትር በላይ ይጠጣል። ቀለሙን በቢላ ደጋግመው እያገላበጡ ያሹት፤ ከቱቦ የወጣ ቀለም ሲታሽ ይለሰልሳል። ከታሸም በኋላ አልታዘዝ ካለ ለ4 ሚሊ ሊትር አንድ ጠብታ የተቀቀለ የተልባ ዘይት ይበቃል። ከወጥ ቤት የሚገኘው ጥሬ የተልባ ዘይት እዚህ አይሆንም፤ ቀጭን ነው፣ ከቀለሙ ተለይቶ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። የኅትመት ዘይት በእሳት የወፈረ ነው። በተቃራኒው ቀለሙ ከረጠበ ደቃቅ ማግኒዥየም ካርቦኔት በቢላ ጫፍ እየቆነጠሩ እስኪቋጥር ያሹት።

የላስቲክ ሮለሩን በመስታወቱ ላይ ሲያንከባልሉ ድምፁን ይስሙ። ስስና እኩል ሲሆን «ሽ…» የሚል ወጥ ድምፅ ይሰጣል፤ እየተላጠ «ጭር ጭር» ካለ ቀለሙ በዝቷል። ሰሌዳው ላይ አንዴ ወደ ርዝመቱ፣ አንዴ ወደ ወርዱ፣ አንዴ ሰያፍ አድርገው ይለፉ። ፊቱ ከፋይ ጨርቅ ሲመስል ደርሷል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሻከረ ብዙ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ከታተመ ቀለሙ በጫና ይንሸራተትና በልፋት የጠረጉትን የብርሃን መስመር ይሞላዋል። ከብርሃን ፊት ሲያጋድሉት የሰሌዳው ብረት በቀለሙ ውስጥ ከታየ ደግሞ አንሷል፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ መሸፈን የነበረበትንም አይሸፍንም።

ብርሃኑን ማውጣት

ጨለማ መደብ ከሥዕል ልማድ ተገላቢጦሽ ነው፤ እጅ ብርሃን እንጂ ጥላ አይሠራም። ከሁሉ የበለጠ የሚያበራውን፣ «እሳት ዳር» ላይ እሳቱን፣ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ አስቀድመው ይክፈቱ። ይህ የሌላውን ብርሃን ሁሉ መጠን የሚወስን መለኪያ ይሆናል፤ ገላው ከእሳቱ እኩል ከነጣ ክፍሉ ጨለማ መሆኑ ይቀራል። ቀጥሎ ሰፊው ግራጫ በተጠቀለለ ጨርቅ በመጫን ይመጣል። እዚህ ላይ ሳይጠርጉ ጨርቁን አሳርፎ ማንሳት ነው፤ ጨርቁ የተሸመነበት ዱካ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ለግድግዳና ለመጋረጃ ያምራል። ለገላ ግን ጨርቅ ሻካራ ነው። ለገላ ጣት ነው የሚሻለው። በዴጋ ሞኖታይፖች ላይ የጣት አሻራ እስከዛሬ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ክብ ነገርን ክብ በሆነ ነገር ማውጣት ይቀላል። የጣት ሆድ መሐሉ ላይ ብዙ ቀለም ያነሳል፣ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ፤ አንዱ ምት ብቻውን የቅልጥምን ክብነት ይሰጣል።

ይህን ሲያደርጉ ጣቱን በየምቱ ይጥረጉ። ያልተጠረገ ጣት በሁለተኛው ምት ያነሳውን ቀለም መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ገላውም ይቆሽሻል። ከዚያም ብዙ አይደጋግሙ፤ አንድ ቦታ ከሦስት ጊዜ በላይ የተነካ እንደሆነ የምቱ አቅጣጫ ይጠፋል፣ ግራጫው ይሞታል። ለፀጉርና ለወንበሩ ጠርዝ የብሩሽ እጀታ ጫፍ ይጥረቡና ይጫሩበት። ጭረቱ ቀለሙን ወደ ጎን ስለሚገፋ በሁለት ዳሩ ትንሽ ክምር ይፈጠራል፤ ሲታተም ነጩ መስመር በሁለት ጥቁር ክሮች ታጅቦ ይወጣል። ይህን የማይፈልጉ ከሆነ ክምሩን በጥጥ እንጨት ያንሱት።

ፍጹም ነጭ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጨርቅ የተጠረገ ሰሌዳ ንጹሕ ቢመስልም ስስ የቀለም ሽፋን ይቀርበታል፣ ሲታተም አመድማ ይሆናል። መፍትሔው ደረቅ ንጹሕ ጥጥ፣ ከዚያም በመዳፍ ላይ የተነሰነሰ ደቃቅ ጠመኔ ነው። አኳራጅ የነካው የጥጥ እንጨትም ይሠራል፤ ነገር ግን ተንኖ እስኪያልቅ 5 ደቂቃ ይስጡት። እርጥቡ እንዳለ ከታተመ ከነጩ ዳር እንደ እንባ የሚወርድ ቡናማ ፍሳሽ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ አይድንም።

ሥዕሉ በኅትመት እንደሚገለበጥም ያስታውሱ። ዴጋ የሠራው ምድጃ ሰሌዳው ላይ በቀኝ ነበር። አካሉ በየትኛው እጅ እንደሚደገፍ፣ ፊት ወዴት እንደዞረ አስቀድሞ በፊት ማያ መስታወት አይቶ ማረጋገጥ ይሻላል።

ወረቀትና ጫና

250 ወይም 280 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት፣ ለምሳሌ ቢኤፍኬ ሪቭስ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ከዚያ በሁለት ንጹሕ ፎጣ መካከል ተጭኖ ላዩ ማብረቁን እስኪተው ይምጠጥ። መለኪያው የእጅ ጀርባ ነው፦ ወረቀቱ ሲነካው ቀዝቃዛ ሊሰማ ይገባል፣ የውኃ ዱካ ግን መተው የለበትም። ሉሁ ላይ ውኃ ካለ ዘይቱ ይሸሻል፣ ጥቁሩም በጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ይፈነጣጠቃል። ከደረቀ ደግሞ ቀለሙን አይጠጣም፤ ይባስ ብሎ የሚያጣብቅ ቀለም የወረቀቱን ፊት ይልጠዋል። እንደ አዲስ አበባ በጋ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት የተመጠጠው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መቆየት የለበትም፤ ከዳሩ ጀምሮ ይደርቃልና መሐሉና ዳሩ የተለያየ ጥቁረት ያሳያሉ። ማተሚያው ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ በፕላስቲክ ይጠቅለል።

ጫናው ከተቆፈረ ሰሌዳ ኅትመት ያነሰ ይሁን። እዚያ ወረቀቱ ወደ መስመሩ ሆድ እንዲገባ ይገደዳል፤ እዚህ ቀለሙ ላይ ነው፣ መነካት ብቻ ይበቃዋል። ጫናው መብዛቱ የሚታወቀው የጥቁሩ ዳር ወደ ነጩ ሲፈስና ከሰሌዳው ዳርቻ ውጭ ቀጭን ጥቁር ጢም ሲያወጣ ነው። መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ሰሌዳ መሞከር አንድ ትልቅ ሉህ ያድናል። የሞኖታይፕ ጭካኔ እዚህ ነው፤ ሁለት ሰዓት የተጠረገው ሥራ በ10 ሴኮንድ ማለፊያ ይወሰናል፣ መልሶ ማተም የለም። ሲያልፍ መሪውን በአንድ ፍጥነት ያዙሩ፤ መሐል ላይ ቢያቆሙ የቆመበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ቀለሙ እንደበዛ ሰሌዳው ከተጠረገ በኋላ ከታወቀ ሁሉንም ማጽዳት አያስፈልግም። ያልታተመ የጋዜጣ ወረቀት አልብሰው በመዳፍ ቀስ ብለው ነክተው ያንሱት። ትርፉ ይወሰዳል፣ ሥዕሉ ይቀራል፤ ጥቁሩ ጥቂት ይሳሳል እንጂ የጣቱ ምት አይጠፋም።

በውኃ የሚታጠበው ወንድሙ

ቻርቦኔል አኳ ዋሽ የሚባል በሳሙናና በውኃ የሚጸዳ የዘይት ቀለምም ይሠራል። በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ፣ በተለይ ልጆች ባሉበትና አኳራጅ ማሽተት በማይፈለግበት ቤት፣ ይህ ይመረጣል። እሱም ሰሌዳ ላይ ሰዓታት ይቆያል፣ በጣትም ይነሳል። ከውኃ ጋር ስለሚስማማ ግን የወረቀቱ እርጥበት ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ላብ ያለበት መዳፍም ዱካ ይተዋል። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ባይቀላቅሉ ይመረጣል። ለመማር አኳ ዋሽ፣ ለሚቀመጥ ሥራ ባህላዊው ዘይት የሚለው ምርጫ ሚዛናዊ ይመስለናል። ለ«እሳት ዳር» ዓይነት ጥልቅ ጨለማ ግን ባህላዊው ነው የሚሻለው።

ባህላዊውን ለማጽዳት አኳራጅ መጀመሪያ አያስፈልግም። ሰሌዳውንና መስታወቱን በተራ የምግብ ዘይት ያብሱ፣ ቀጥሎ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡ፤ የሚቀረው ቅባት በጥቂት አኳራጅ ይነሳል፣ መስኮት ተከፍቶ። ሮለሩን መቼም አኳራጅ ውስጥ አይዘፍዝፉ፤ ላስቲኩ ያብጣል፣ ክብነቱም ይጠፋል።

አንድ ነገር በጥብቅ መባል አለበት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲጠጥር ሙቀት ይሰጣል፤ የተጨማደደው ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ሲደማመርም እሳት ይነሳል። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ሁሉ ውኃ ያለበት ክዳናማ የብረት ዕቃ ውስጥ ያስገቡ፣ አለዚያም ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተው ያድርቁት። ለሊት ከሥራ ክፍል ውስጥ አይደር።

የታተመው ሉህ ጥቁሩ ስለሚበዛ ከተራ ኅትመት ዘግይቶ ይደርቃል። ቀናት፣ ወፍራም ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ለማድረቅ ተብሎ ከሁለት ከባድ ሰሌዳ መካከል ከተጫነ ቀለሙ በላዩ ያለው ወረቀት ላይ ይሻገራል። መጀመሪያ ተዘርግቶ ቀለሙ ሲነካ ጣት የማያጠቁር እስኪሆን ይጠበቅ፣ ከዚያ ጠርዙን አርጥበው በመጠቅለያ ስስ ወረቀት ለይተው ይጫኑት። ከኋላው ቢጫ ቀለበት ከታየ ዘይቱ በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ቀለም ጠብታውን ይቀንሱ።

መጀመሪያው ሉህ ከተነሳ በኋላ ሰሌዳውን አያጽዱ። ዴጋ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሉህ ያትም ነበር፤ የሚወጣው የደበዘዘ፣ ሴቲቱ ከጭጋግ ውስጥ የምትታይበት ጥላ ነው፣ እሱም በላዩ ፓስቴል (እንደ ጠመኔ ያለ ደረቅ ቀለም) ይጨምርበት ነበር። ለዚህ ሁለተኛው ሉህ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ትንሽ ይርጠብ፣ ጫናውም በሩብ ዙር ይጥበቅ፤ የቀረው ቀለም ስስ ነውና መጎተት ይፈልጋል። ፓስቴሉን ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆይተው ይጀምሩ። ያልደረቀ ዘይት ላይ የፓስቴሉ ዱቄት ይጓጉላል፣ ቀለሙም ይቆሽሻል። ሲደርቅ ግን ጥላው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይነግራል፤ በቀጭኑ ጥቁር ላይ ብርቱካንማና ሮዝ ፓስቴል በጎን ተይዞ ሲታለፍ የገላው ሙቀት ከሥሩ ካለው ግራጫ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ጥቁሩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ላይ ፓስቴል አይያዝም፤ እዚያ ጨለማውን እንዳለ ይተዉት።